ልጁ ገና አልተማረም ወይስ መማር ከብዶታል? የሕፃናትን የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር የመገምገሚያ መመሪያ

የደንብ ልብሱን ሸሚዝ በራሱ እንዲቆልፍ የተነገረውን የሰባት ዓመት ልጅ ለሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ያየ ሰው ከብዙ ወረቀት የማያገኘውን ነገር ያገኛል። ልጁ ቁልፉን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጫፍ ከመያዝ ይልቅ በሙሉ እጁ ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ቀዳዳውን ለማግኘት አገጩን ደረቱ ላይ ይደፋል፤ አንዱን ሲያስገባ ሌላው ይወጣበታል፤ ምላሱም ከከንፈሩ ወጥቶ ከእጁ ጋር አብሮ ይሠራል። እንደምንም ይጨርሳል፤ ነገር ግን አንድ ቀዳዳ ዘሎ ስለጀመረ ሸሚዙ በአንድ ወገን ተንጠልጥሏል፤ ጓደኞቹም በሩ ላይ ጥለውት ሄደዋል። «ልጁ ቁልፍ መቆለፍ ይችላል?» ለሚል መጠይቅ እናቱ «አዎ፣ ይችላል» ብለው ቢመልሱ ውሸት አልተናገሩም። ሆኖም ገምጋሚው የሚፈልገው ነገር ሁሉ ያለው በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለመዋዕለ ሕፃናትና ለአንደኛ ደረጃ መምህራን፣ ለነርሶችና ለጤና መኮንኖች፣ ለፊዚዮቴራፒስቶች፣ እንዲሁም የልጃቸው አያያዝ ለሚያሳስባቸው ወላጆች ነው። መምህርና ወላጅ መመልከትና መመዝገብ ይችላሉ፤ ለችግሩ ስም መስጠት ግን ልጁን የመረመረ የጤና ባለሙያ ድርሻ ነው። ሁሉንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊመራቸው የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ልጅ ነገሩን ያልቻለው የመለማመድ ዕድል ስላላገኘ ነው ወይስ ዕድሉን አግኝቶ፣ ተደጋግሞ ታይቶትም መማር ስለከበደው?

በየሰፈሩና በየትምህርት ቤቱ «ደንባራ»፣ «ዝርክርክ»፣ «ዕቃ የማይበረክትለት» እየተባሉ የሚያድጉ ልጆች አሉ። ከእነዚህ የተወሰኑት ያለባቸው ችግር በሕክምናው ዘንድ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት፣ ለንደን በምትባለው ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች በየአገሩ የተለያየ መጠሪያ የነበረውን ይህን ችግር በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ዲሲዲ» ተብሎ እንዲጠራ ተስማምተዋል፤ በአማርኛ «የዕድገት ጊዜ የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር» ልንለው እንችላለን። በብሪታንያ ብዙ ወላጆች «ዲስፕራክሲያ» የሚሉትም አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ እንደተገለጸው፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 11 ዓመት ከሆኑ ልጆች መካከል ከመቶው 5 እስከ 6 የሚሆኑት ይህ ችግር ይኖርባቸዋል፤ ከሴቶች ይልቅም በወንዶች ላይ ይበዛል። ሃምሳ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ይህ ሁለት ወይም ሦስት ልጅ ማለት ነው።

ይህንን ስም ለመስጠት አራት ነገሮች አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። የልጁ የእንቅስቃሴ ክሂል ከዕድሜውና ካገኘው የመለማመድ ዕድል አንጻር ሲታይ በጉልህ ዝቅ ያለ መሆን አለበት፤ ዝቅታውም የዕለት ኑሮውን፣ ትምህርቱን ወይም ጨዋታውን የሚያውክ መሆን አለበት፤ ምልክቱ በሕፃንነቱ የጀመረ መሆን አለበት፤ እንዲሁም የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት፣ የዓይን ችግር ወይም እንደ ሴሬብራል ፓልሲ ያለ እንቅስቃሴን የሚጎዳ የነርቭ ሕመም ጉዳዩን በተሻለ የሚያስረዳው መሆን የለበትም። ብዙ ገምጋሚ የሚሳሳተው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ስለ ዕድሜው ይጠይቅና ስለ ዕድሉ ሳይጠይቅ ያልፋል። እስከ ሰባት ዓመቱ ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ እርሳስ አያያዙ ቢያስጠላ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ያው ልጅ ወንጭፍ አሽከርክሮ ድንጋዩን ያለመበት ላይ የሚያሳርፍ፣ በቡሄ ሰሞን ጅራፉን የሚያጮኽ ከሆነ የቅንጅት ችግር አለበት ማለት የማይመስል ነገር ነው። በተቃራኒው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ያደገች፣ ደጅ ወጥታ ሮጣ የማታውቅ ልጅ ኳስ መቅለብ ቢያቅታት መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ሜዳ ነው።

መጀመሪያ ዕድሜውን ማረጋገጥ

ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በእኛ አገር ግምገማ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ሰባት ዓመቱ ነው» ሲባል ሰባት የሞላው ነው ወይስ ሰባተኛውን የያዘ? በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ የሰፈረው ዕድሜ ለምዝገባ ተብሎ ከፍ ወይም ዝቅ የተደረገ ይሆን? በዚህ ዕድሜ የስድስት ወር ልዩነት ብዙ ነገር ስለሚቀይር፣ የመመዘኛ ሠንጠረዦችም በወራት የተከፋፈሉ ስለሆኑ፣ ከቃል ይልቅ የክትባት ካርድን፣ የልደት የምስክር ወረቀትን ወይም የክርስትና ካርድን ማየት ይሻላል። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ መመዘኛው የውጭ ከሆነ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ሳይሆን ወሩንና ቀኑን ጭምር መልሶ ማስላት ያስፈልጋል፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በደፈናው መደመር እንደ ልጁ የልደት ወር አንድ ዓመት ሙሉ ሊያሳስት ይችላል።

በአጠቃላይ ከአምስት ዓመት በፊት ለችግሩ ስም ባይሰጥ ይመረጣል። ትናንሽ ልጆች ዕድገታቸው እንደየልጁ ይለያያል፤ ዘንድሮ ወደ ኋላ የቀረው ለከርሞ እኩዮቹን ሊደርስባቸው ይችላል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለ ልጅ ላይ ችግሩ ጎልቶ ከታየ፣ የአውሮፓ ባለሙያዎች መመሪያ እንደሚመክረው፣ ቢያንስ በሦስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ መገምገም ተገቢ ነው። ይህ ማለት ግን እርዳታ እስከዚያ ይቆይ ማለት አይደለም፤ ስሙ ሊጠብቅ ይችላል፣ ልምምዱ ግን ዛሬ ሊጀመር ይገባል።

ወላጅን እንዴት እንጠይቅ

«ልጅዎ እንቅስቃሴው እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ «ደህና ነው» የሚል ይሆናል። ጥያቄው ትናንት ወደሆነ ነገር መውረድ አለበት። «ትናንት ጠዋት ሸሚዙን ማን ቆለፈለት? የጫማውን ማሰሪያስ? ተጣጥቦ፣ ለብሶ፣ በልቶ ለመውጣት ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ከታናሽ እህቱ ጋር ሲነጻጸርስ?» ብሎ መጠየቅ እናትየዋ ከመገመት ይልቅ እንዲያስታውሱ ያደርጋቸዋል። በብዙ ቤት ሠራተኛ ወይም አያት ልጁን ስለሚያለብሱትና ስለሚያጎርሱት ወላጆች ልጁ በራሱ ምን እንደሚችል ላያውቁ ይችላሉ፤ እንዲህ ሲሆን ጥያቄው ለሚያለብሱት ሰው ይቅረብ።

አመጋገቡን መጠየቅ በተለይ ይጠቅማል። እንጀራን በቀኝ እጅ ብቻ ቆርሶ፣ ወጡን ጠቅልሎ፣ ሳያንጠባጥብ ወደ አፍ ማድረስ ጣቶች ሁሉ ተስማምተው የሚሠሩበት፣ የጉልበት መጠን የሚለካበት ረቂቅ ሥራ ነው፤ ልጁም ከጡት ከወጣ ጀምሮ በየቀኑ ሲያየውና ሲሞክረው ኖሯል። ስለዚህ «ዕድሉን አላገኘም» የሚባልበት ነገር አይደለም። በሰባትና በስምንት ዓመቱ ወጡ ሁልጊዜ በክንዱ ላይ የሚወርድበት፣ እንጀራውን መቁረስ አቅቶት የሚጎትተው፣ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ትሪ መቅረብ ትቶ በማንኪያ ሩዝ ብቻ የሚፈልግ ልጅ ካለ ይህ በመዝገቡ ላይ ሊሰፍር ይገባል። እዚሁ ላይ ልጁ ግራኝ መሆን አለመሆኑም ይጠየቅ። ግራ እጁ የሚቀናውን ልጅ በቀኝ እንዲበላና እንዲጽፍ ማስገደድ በብዙ ቤት ስላልቀረ፣ እጁ «የማይታዘዝለት» የሚመስለው አንዳንዱ ልጅ የማይቀናውን እጅ እንዲጠቀም ስለተገደደ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የእርግዝናው፣ የወሊዱና የሕፃንነቱ ታሪክ ይከተላል፤ ያለ ጊዜው ተወልዶ ነበር? ሲወለድ ቶሎ አላለቀሰም ነበር? ብርቱ ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር፣ የሚጥል በሽታ ወይም የጭንቅላት ጉዳት ነበረው? ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች ለቅንጅት ችግር ይበልጥ ይጋለጣሉ። መራመድ የጀመረበትን ወርም መጠየቅ ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ያደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ጤናማ ልጆች ያለ ድጋፍ የሚራመዱት በአማካይ በ12 ወር ገደማ ሲሆን 18 ወር ሳይሞላቸው ሁሉም ማለት ይቻላል ይራመዳሉ። ይሁን እንጂ የቅንጅት ችግር ያለባቸው ብዙ ልጆች በጊዜያቸው የተራመዱ ስለሆኑ በጊዜው መራመድ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ደጅ ማየት

ከጠባብ ምርመራ ክፍል ይልቅ ግቢው ብዙ ያሳያል። ገምጋሚው ልጁን ከሁለት ወይም ከሦስት እኩዮቹ ጋር አብሮ እንዲጫወት ያድርግ፤ ብቻውን ከታየ በሁሉም ፊት የሚፈተን ስለሚመስለው ያፍራል፤ እኩዮቹም ማነጻጸሪያ ይሆናሉ። ጫማውም አስቀድሞ ይታይ። የታላቁን ሸበጥ ተጫምቶ የመጣ ልጅ ቢደናቀፍ የሸበጡ ጥፋት ነውና፣ ሁሉም በባዶ እግራቸው ወይም በሚበቃቸው የላስቲክ ጫማ ይሁኑ።

የሰፈር ጨዋታዎቻችን ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ሰኞ ማክሰኞን እንውሰድ፦ ልጁ ጠጠሩን ከሳጥኑ ውስጥ መጣል፣ በአንድ እግሩ እየነጠረ መስመር ሳይረግጥ ማለፍ፣ መዞር፣ ጎንበስ ብሎ ጠጠሩን ማንሳት አለበት። ማነጣጠር፣ ሚዛን፣ ቅደም ተከተልና የጉልበት ልክ በአንድ ጨዋታ ይታያሉ። አብዛኞቹ ልጆች አራት ዓመት አልፏቸው በአንድ እግራቸው ጥቂት ጊዜ መንጠር ይጀምራሉ፤ በአምስት ዓመታቸውም ለአሥር ሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ በአንድ እግር ይቆማሉ። ስድስት ዓመት ሆኖት በአንድ እግሩ ሁለት ጊዜ ሳይነጥር ሌላው እግሩ መሬት የሚነካበት፣ ለመንጠር ሁለቱንም ክንዶቹን እንደ ክንፍ የሚያርገበግብ፣ ሲያርፍም ሰውነቱን ቀጥ ማድረግ አቅቶት የሚወድቅ ልጅ በማስታወሻ ሊያዝ ይገባል። ሱዚም በተመሳሳይ መልኩ ጊዜን ጠብቆ መዝለልን ያሳያል።

ቅልልቦሽ ለእጅ ያለውን ያህል ጥሩ ፈተና አላውቅም። አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ፣ እርሱ ሳይወርድ ሌላውን ከመሬት ለቅሞ፣ የተወረወረውን መልሶ መቅለብ ዓይንና እጅ ምን ያህል እንደተግባቡ ወዲያው ይገልጣል። እዚህ ላይ ውጤቱን ብቻ ከመቁጠር ይልቅ ከየት እንደተበላሸ ማየት ይገባል። ጠጠሩን ከአቅሙ በላይ ወርውሮ ራሱ ላይ የሚያሳርፈው የጉልበት ልክ ይቸግረዋል፤ ልኩን ወርውሮ እጁን ዘግይቶ የሚዘረጋው የጊዜ ግምት ይቸግረዋል፤ ሁለቱንም ችሎ ከመሬት መልቀም የሚያቅተው ጣቶቹን ለየብቻ ማዘዝ ይቸግረዋል። ሦስቱ ልጆች በውጤት እኩል ዜሮ ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ልምምድ ግን የተለያየ ነው። ወንዶች ልጆች ጨዋታውን «የሴት ነው» ብለው ካልለመዱት ብይ ወይም የጨርቅ ኳስ ይተካዋል፤ ያልለመዱትን ጨዋታ ፈተና ማድረግ መጀመሪያ ያልነውን የዕድል ጥያቄ መርሳት ነው።

ማስተማርና ማየት

በእኔ እምነት ከጠቅላላው ግምገማ ዋናው ይህ ነው፤ ገንዘብም ሆነ መሣሪያ አይጠይቅም። ልጁ ከዚህ በፊት ያልሠራውን አንድ ቀላል ነገር ይመረጥ፤ ለምሳሌ ገመድን በአንድ ዓይነት ቋጠሮ መቋጠር፣ ወይም ማጨብጨብንና ጉልበት መምታትን በተወሰነ ተራ መድገም። ገምጋሚው ዝግ ብሎ ሦስት ጊዜ ያሳየው፤ ከዚያ ልጁ አምስት ጊዜ ይሞክር። ካልቻለ በቃል ይነገረው፤ አሁንም ካልቻለ እጁን ይዞ ያሠራው። በየሙከራው ምን እንደተቀየረ ይጻፍ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጁ ሲመለስ ሳያሳዩት ያንኑ እንዲሠራ ይጠየቅ።

ዕድል ያጣ ልጅ በመጀመሪያው ሙከራ ቢሳሳትም በሦስተኛውና በአራተኛው ይሻሻላል፤ በሳምንቱ ሲመጣም ከነበረበት ይጀምራል፤ አንዳንዱማ ቤት ሄዶ ሲለማመድ ሰንብቶ ከአስተማሪው በልጦ ይመጣል። የቅንጅት ችግር ያለበት ልጅ ግን አምስተኛው ሙከራው ከመጀመሪያው እምብዛም አይለይም፤ ወይም በየሙከራው የተለየ ስሕተት ይሠራል፤ በሳምንቱም እንደ አዲስ ነገር ይሆንበታል። ምን ማድረግ እንዳለበት በቃሉ በትክክል መናገር ሲችል እጁ አልታዘዝ ካለው ይህ ልዩነት በመዝገቡ ላይ በደማቁ ይጻፍ፤ ችግሩ ካለመረዳት ወይም ካለማዳመጥ እንዳልመጣ ያሳያልና። ምን መሥራት እንዳለበትም መናገር ካቃተው የመስማት፣ የቋንቋ ወይም የትኩረት ጉዳይ መታየት አለበት።

እርሳስ፣ መቀስና ፊደል

በሦስት ዓመት ክብ፣ በአራት ዓመት መስቀል፣ በአራት ተኩልና በአምስት ዓመት አካባቢ አራት ማዕዘን፣ ከዚያ ቀጥሎ ሦስት ማዕዘን አስመስሎ መሣል ይጠበቃል። ይህ እርሳስ ጨብጦ ለቆየ ልጅ ነው።

የእኛ ፊደል ለገምጋሚ የሚሰጠው ልዩ ጥቅም አለ። ሆሄያቱ የሚለያዩት በትናንሽ ቅጥያዎች ስለሆነ መስመሩን በሚፈልገው ቦታ ማቆም የማይችል ልጅ ጽሑፉ ላይ ወዲያው ይታወቃል። «ሉ» ቅጥያዋ ወገቧ ላይ ነው፤ «ሊ» ከእግሯ ሥር ነው፤ «ሌ» ላይ ያቺው ቅጥያ ክብ ትሆናለች። እጁ የማይታዘዝለት ልጅ ቅጥያውን በወገብና በእግር መካከል ስለሚያደርገው «ሉ» ይሁን «ሊ» መለየት ያስቸግራል፤ የ«ሌ» ክብ ሳይገጥም ክፍቱን ይቀራል፤ የእርሳሱ ጫና ወረቀቱን ይቀድዳል ወይም ጽሑፉ ከመፍዘዙ የተነሣ አይታይም፤ ላጲሱ ደብተሩን በስቶታል። መምህሩ ይህን ዓይቶ «ፊደል አልለየም» ብሎ ወደ ታችኛው ክፍል ሊመልሰው ይችላል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ገበታው ላይ «ሉ» የቷ እንደሆነች በጣቱ እንዲያመለክት፣ ሌላ ሰው የጻፈውንም እንዲያነብ ይጠየቅ። ሳይሳሳት ካመለከተና ካነበበ ፊደሉን ያውቀዋል፤ የከበደው መጻፉ ነው። ማመልከትና ማንበብም ካቃተው ግምገማው ወደ ንባብ ችግር መዞር አለበት፤ ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜም አለ።

የጽሑፍ ፍጥነትም ይለካ። ልጁ የሚያውቀውን አንድ ዐረፍተ ነገር ለአምስት ደቂቃ እየደጋገመ እንዲጽፍ ማድረግና የመጀመሪያውን መስመር ከመጨረሻው ማነጻጸር እጁ ምን ያህል ቶሎ እንደሚደክም ያሳያል። አግዳሚው ወንበር ከፍ ብሎ እግሩ አየር ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ መጀመሪያ እግሩ የሚያርፍበት ነገር ይደረግለት፤ አለዚያ የምንለካው የወንበሩን ከፍታ ነው።

ሳይዘገይ ሐኪም ማየት ያለበት

ማንኛውም የቅንጅት ግምገማ ያለ አካላዊ ምርመራ አይጠናቀቅም፤ ምክንያቱም ከአንዳንዱ መደናቀፍ ጀርባ ሌላ በሽታ አለ። በፊት ይችለው የነበረውን እየተወ የመጣ ልጅ፣ ማለትም ሲሮጥ ኖሮ አሁን የሚወድቅ፣ ሲጽፍ ኖሮ አሁን እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ቀጠሮ ሳይሰጠው በቶሎ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ የቅንጅት ችግር ከሕፃንነት የነበረ እንጂ ድንገት የሚመጣ አይደለም። የጠዋት ራስ ምታትና ትውከት፣ እንደ ሰካራም መንገዳገድ፣ ወይም የአንድ ወገን እጅና እግር ብቻ መድከምም እንዲሁ ናቸው። ዓመት ተኩል ሳይሞላው አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም ሕፃን «ገና በሕፃንነቱ አንድ እጁ ቀናው» ተብሎ ሊደነቅ አይገባም፤ ሌላው እጅ ለምን እንደቀረ ይመርመር።

አንድ ምርመራ ማንም ሰው ሊያደርገው ይችላል። ልጁ ወለል ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ ምንም ሳይደገፍ ቶሎ እንዲነሣ ይጠየቅ። ጤናማ ልጅ አንድ ጊዜ ተስፈንጥሮ ይነሣል። መጀመሪያ በሆዱ ተገልብጦ፣ በአራት እግሩ ሆኖ፣ ከዚያ እጆቹን በገዛ ጉልበቱና ጭኑ ላይ እየተከለ ሰውነቱን የሚወጣ ከመሰለ ግን የዳሌና የጭን ጡንቻዎቹ ደክመዋል ማለት ነው። ልጁ ወንድ ከሆነ፣ ባቱም ከልክ በላይ ከወፈረና በጣቱ ጫፍ የሚራመድ ከሆነ ዱሼን የሚባለው ጡንቻን የሚያመነምን በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሲኬ የተባለው የደም ምርመራ እንዲደረግለት ወደ ሆስፒታል ይላክ።

ሪኬትስ የተባለው የአጥንት መለስለስ በሽታ እግሩን አጉብጦት የሚወዛወዘው፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ በዝቶበት የሚንገዳገደው፣ የደም ማነስ አዳክሞት ቶሎ የሚቀመጠው፣ በሩቅ የማያይ ሆኖ ኳሱን የሚስተው ልጅ ሁሉም ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ዓይኑና ጆሮው ሳይመረመር፣ ክብደቱና ቁመቱ ሳይለካ፣ የሚወስደው መድኃኒት ሳይጠየቅ ማንም ልጅ የቅንጅት ችግር አለበት አይባል።

የተመዘኑ ፈተናዎችና ገደባቸው

በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ «ሙቭመንት ኤቢሲ» የተሰኘው ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሁለተኛው እትም ከ3 እስከ 16 ዓመት ያሉትን ልጆች በሦስት የዕድሜ ክልል ከፍሎ ስምንት ሥራዎችን ያሠራቸዋል፤ ሦስቱ የእጅ ቅልጥፍናን፣ ሁለቱ ማነጣጠርንና መቅለብን፣ ሦስቱ ሚዛንን ይለካሉ። ትንንሾቹ ሳንቲም ከሣጥን ውስጥ ይከታሉ፣ ዶቃ ይሰካሉ፤ ተለቅ ያሉት ተረከዛቸውን ከጣታቸው እያገጣጠሙ በመስመር ላይ ይራመዳሉ። ውጤቱ ከመቶ እኩዮቹ መካከል ልጁ ከታች ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል፤ 5 ወይም ከዚያ በታች መሆን ከባድ ችግርን፣ ከ6 እስከ 16 ባለው መገኘት ደግሞ በቅርብ መከታተል የሚያስፈልገውን ልጅ ያመለክታል። በወላጅ የሚሞላው የካናዳ መጠይቅም አለ፤ ከ5 እስከ 15 ዓመት ለሆኑ ልጆች በ15 ጥያቄዎች የተዘጋጀ ነው። ድምሩ ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ 46፣ በ8 እና በ9 ዓመት 55፣ ከዚያ በላይ 57 ወይም ከዚህ ካነሰ ችግሩ ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል።

እነዚህ ቁጥሮች የተቀመሩት በሌላ አገር ልጆች ላይ ነው። የሙቭመንት ኤቢሲ ሁለተኛ እትም መለኪያ የወጣው ከ1,172 የብሪታንያ ልጆች ነው፤ በሳንቲምና በዶቃ መጫወት ለእነርሱ አዲስ ነገር ላይሆን ይችላል። የካናዳው መጠይቅም የሚመጣ ኳስን በራኬት ስለመምታት ይጠይቃል። የዝርክርክነት ጥያቄውንም ሸክላ ሱቅ ከገባ በሬ ጋር ያመሳስለዋል፤ ይህን ቃል በቃል ተርጉመው ቢጠይቋቸው «ምን የሚሉት በሬ ነው?» የሚሉ እናት ያጋጥማሉ። ጥያቄውን ለእኛ ኑሮ እንዲመች መለወጥ ይቻላል፤ ከተለወጠ በኋላ ግን 46 ወይም 55 የሚለው መቁረጫ አይሠራምና የሚገኘው ዝርዝር ለውይይት እንጂ ለፍርድ አይሁን። ፈተናው በእጅ ካለ ልጁ ሥራውን እንዴት እንደሠራው የሚገልጽ ማስታወሻ ከቁጥሩ ጎን ሁልጊዜ ይጻፍ፤ በእጅ ከሌለም ከላይ የተገለጸው ምልከታና የማስተማር ሙከራ በቂ መነሻ ነው።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ፈተናው ይገኛል፤ ችግሩ ቋንቋው ላይ ነው። ከመጣ ገና ጥቂት ወራት የሆነው ልጅ የእንግሊዝኛውን ትእዛዝ ሳይረዳ ቢሳሳት ቅንጅት እንደጎደለው ሊቆጠር ይችላል። በአሜሪካ የፌዴራሉ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ልጁ በሚረዳው ቋንቋ እንዲገመገም ያዛል፤ ወላጅ ግምገማውን በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ ክፍለ ሀገሩ የራሱን ጊዜ ካልወሰነ በቀር ትምህርት ቤቱ ፈቃዱን ከተቀበለ በኋላ በ60 ቀናት ውስጥ ማጠናቀቅ አለበት። አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ ማድረግ ግን አይመከርም፤ ለወንድሟ ብላ ልትረዳው ትችላለችና።

የቅንጅት ችግር ብቻውን የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ የትኩረት ማጣትና የመቅበጥበጥ ችግርም ይኖርባቸዋል፤ የንባብና የንግግር ችግር፣ ኦቲዝምም አብረው ሊታዩ ይችላሉ። ሲቸኩል የሚደፋውንና ቀስ ብሎም የሚደፋውን ለመለየት ያው ሥራ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በራሱ ፍጥነት፣ አንዴ «ቀስ በል፣ አይዞህ፣ ማንም አይቀድምህም» ተብሎ ይሠራ። ቀስ ሲል የሚስተካከልለት ልጅ ዋናው ጉዳዩ ትኩረት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ለወላጅ መንገርና መጻፍ

ብዙ ወላጅ ወደ ግምገማ የሚመጣው ልጁን ሲቆጣ፣ አንዳንዴም ሲገርፍ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ሲነገር መጀመሪያ የሚባለው ልጁ ሰነፍም ግድየለሽም እንዳልሆነ፣ ሌላው ልጅ ሳያስበው የሚሠራውን እርሱ አስቦና ደክሞ እንደሚሠራው ነው። በተቻለ መጠን አባትም እናትም ባሉበት ይነገር፤ ለአንዱ ብቻ ከተነገረ ቤት ሲደርስ «ምን አለ ሐኪሙ?» በሚል ጥያቄ ግማሹ ይጠፋል። ልጁ ወጥቶ እንዲጠብቅ ማድረግም አያስፈልግም፤ ስለ እርሱ የሚባለውን ቢሰማ ይሻላል፤ ቃላቱ ግን እርሱ ሊሸከማቸው የሚችሉ ይሁኑ።

የግምገማው ጽሑፍ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ መልካም ነው። በውስጡ የልጁ ትክክለኛ ዕድሜና የተገኘበት ሰነድ፣ የመለማመድ ዕድሉ፣ የታዩት ሥራዎችና እንዴት እንደተሠሩ፣ የማስተማር ሙከራው፣ የአካል ምርመራው ውጤት፣ ፈተና ተሰጥቶ ከሆነ ቁጥሩ ይስፈሩ። ለመምህሩ የሚሆን አንድ አንቀጽ ለብቻው ይጻፍ፤ ከጥቁር ሰሌዳ መገልበጥ እንዲቀነስለት፣ በቃል እንዲመልስ፣ የፈተና ጊዜ እንዲጨመርለት። በአቅራቢያ ፊዚዮቴራፒስት ካለ ወደዚያ ይላክ፤ የዕለት ተዕለት ሥራን የሚያለማምደው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ በአገራችን ገና ጥቂት ስለሆነ እርሱን እየጠበቁ መቀመጥ አይገባም።

የመጨረሻው ጥያቄ ለልጁ ይቅረብ። «ከሁሉ ነገር አንድ ብቻ እንድትችል ብትመርጥ ምን ትመርጣለህ?» ሲባል ወላጆቹ ጽሑፉ እንዲያምር ሲጨነቁ እርሱ «በረኛ መሆን» ሊል ይችላል፤ ወይም ከእረፍት በኋላ ጫማውን ማንም ሳያይ ማሰር። ልምምዱ እርሱ ከመረጠው ይጀምር፤ ወላጆቹ የመረጡት ሁለተኛ ሆኖ ይከተል። የመረጠውን ሲሠራ በስልክ አንድ ደቂቃ ይቀረጽና ቀኑ ይጻፍበት፤ ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ኳስ፣ በባዶ እግሩ ሆኖ እንደገና ይቀረጻል፤ ሁለቱን ቪዲዮ መጀመሪያ የሚያየውም እርሱ ይሁን።